የክቡር ዌንደል ፊርማ

በአሜሪካ ዝቅተኛ ዲቪዚዮን የሚጫወት የእግር ኳስ ክለብ ብዙ ነገር ሊጎድለው ይችላል። የራሱ ሜዳ ላይኖረው ይችላል። ሁለተኛ ግብ ጠባቂ ላይኖረው ይችላል። አንዳንዱማ በመጋቢት ተመሥርቶ በጥቅምት የሚፈርሰው ኳስ እንኳ ሳይነካ ነው። ዌንደል የሌለው ክለብ ግን እስካሁን አልተፈጠረም። ዌንደል በየከተማው አለ፤ ስሙ ይለያይ እንጂ ጸባዩ አንድ ነው። ገና ጺም ያላወጣ ልጅ ለአንድ ክለብ በፈረመ ቁጥር ከሕዝቡ መሃል ብድግ ብሎ "እኔ ነኝ ያገኘሁት" የሚል ሰው ነው።

የእኛ የዊክስበርጉ ክቡር ዌንደል ክራውስ ይባላሉ። ዕድሜያቸው ሥልሳ ዘጠኝ ሲሆን ሠላሳ አንዱን ዓመት የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሲነዱ አሳልፈውታል። ጡረታ ሲወጡ መሪውን ለቀቁ እንጂ ተሳፋሪዎቹን አልለቀቁም። በአካባቢው ከአርባ ዓመት በታች ያለ ሰው ሁሉ አንድ ጊዜ በእሳቸው አውቶቡስ ስለሄደ፣ ኳስ የሚችል ልጅ ሁሉ የእሳቸው ግኝት ሆኖ ቀረ። ኳስ የማይችሉትን ማን እንዳገኛቸው ግን እስከ ዛሬ አልነገሩንም።

ይህን ወሬ ከማንም በላይ የጠገበችው ኖሪን ቴሽ ናት። ኖሪን በአዘቦት ቀን የትምህርት ቤት ተማሪዎች ምሳ ታበስላለች፤ ቅዳሜ ደግሞ ቡድናችን ዊክስበርግ ኪልንስ ሲጫወት ሆት ዶግና ጨው የተነሰነሰበት ጥምዝ ዳቦ ትሸጣለች። የምንጫወትበት ሜዳ የቤዝቦል ሜዳ ነው። ለእኛ ሲሉ ኳስ ወርዋሪው የሚቆምባትን ጉብታ ደልድለው ሣር ያለብሷታል። ክቡር ዌንደል በተሸነፍን ቁጥር ጥፋቱን ለዚያች ጉብታ ይሰጣሉ። አንዴ አምስት ለባዶ ተሸንፈን "አምስቱም ከጉብታዋ የመጡ ናቸው" አሉ። ሦስቱ የገቡት በፍጹም ቅጣት ምት ነበር።

የኖሪን መከራ የሚጀምረው ሰልፉ ረዝሞ ተራው የክቡርነታቸው ሲሆን ነው።

"ሰናፍጭ ላድርግልህ?"

"ቴክሳስ ውስጥ አንድ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ሊፈርም ነው። ምንጮቼ ነግረውኛል።"

"ዌንደል፣ ሰናፍጭ ትፈልጋለህ ወይስ አትፈልግም?"

"ግራ እግረኛ ነው። አሁን ግራ እግረኛ ልጅ የት ይገኛል?"

"ከኋላህ አሥራ አራት ሰው ቆሟል።"

"ይስሙ እንጂ። እነሱም ይጠቀማሉ።"

ምንጮቻቸው የእህታቸው ልጅና ኢንተርኔት ናቸው።

የእሳቸውን ጋራዥ ያየ ሰው ደግሞ የአሜሪካ ካርታ ላይ መርፌ ተሰክቶ ያገኛል። እያንዳንዷ መርፌ ሊጉ ሊሰፋበት ያሰበው ከተማ ናት። ክቡር ዌንደል በዓለም ላይ ለሌሉ አሥራ አንድ ክለቦች መሥራች አባል ሆነው ተመዝግበዋል። አሥራ አንዱንም ስካርፍ ግድግዳ ላይ ሰቅለዋል። ከአሥራ አንዱ አራቱ ስም ሳይወጣላቸው ቀርተዋል፤ ሁለቱ ስም ወጥቶላቸው ሜዳ አጥተዋል፤ አንደኛው ሜዳውንም ስሙንም አግኝቶ ባለቤቱ ጠፍቷል። "ሊግ ሲሰፋ ልብም አብሮ ይሰፋል" ይላሉ ስካርፎቹን ሲያራግፉ። ሚስታቸው ግን ልብ እንጂ ጋራዡ እንዳልሰፋ ተናግራ መኪናዋን ውጭ ታቆማለች።

ከስካርፎቹ ሥር አንድ ወፍራም ቦክስ ፋይል አለ። የሊጉ ደንብ፣ የተጫዋቾች ውል ዓይነቶች፣ የዩኒቨርሲቲ ስፖርት መመሪያ፣ ሁሉም በእርሳስ ተሰምሮበት ተቀምጧል። ይህን ፋይል ይዘው ወደ ጨዋታ ይመጣሉ። አጠገባቸው የተቀመጠ ሰው ገና በመጀመሪያው አጋማሽ ሁለት ጊዜ ሽንት ቤት ይሄዳል።

የኖሪን አንድ ልጅ ካለም ይባላል። አሥራ ሰባት ዓመቱ ነው፤ የግራ መስመር ተከላካይ ነው፤ እውነት ለመናገር ጎበዝ ነው። ክቡር ዌንደል ካለምን ያገኙት አራተኛ ክፍል ሳለ ነው። አውቶቡስ ውስጥ የጓደኛውን የምሳ ከረጢት በግራ እግሩ መትቶ ከኋላ መቀመጫ እስከ ፊት መስታወት አደረሰው። ክቡርነታቸው አውቶቡሱን አቁመው "ተነሳ" አሉት፤ ልጁም ከመቀመጫው ተነስቶ ቀሪውን መንገድ ቆሞ ሄደ። በዚያ አውቶቡስ ክርክር የሚባል ነገር የለም። "ተነሳ" ከተባለ ይነሳል፤ ለምን ብሎ የጠየቀ እስከ መጨረሻው ፌርማታ ይቆማል።

"ያን ቀን ነው ያወቅሁት" ይላሉ ለኖሪን፣ በየሳምንቱ።

"ያን ቀንማ ቀጥተኸው ነው ቤት የመጣው።"

"ቀጥቼዋለሁ። እግሩን ግን አይቼ ነው የቀጣሁት።"

ኖሪን ኳስ ግድ አይላትም። የእሷ ነገር ሌላ ነው። ከቴሽ ቤተሰብ ዩኒቨርሲቲ የገባ ሰው የለም። ባለፈው የካቲት ግን ከግዛቱ ዩኒቨርሲቲ አሠልጣኝ ለካለም ደብዳቤ መጣ፤ ልጁ ኳስ ሊጫወትላቸው አራቱን ዓመት በነጻ ሊያስተምሩት። ኖሪን ደብዳቤውን ፍሪጁ ላይ ለጥፋው ወተት ባወጣች ቁጥር ታነበዋለች።

በዚያው ጸደይ ከወንዙ ማዶ ፌርሃቨን አዲስ ክለብ ሊመሠረት ነው ተባለ። ስሙ ፌርሃቨን ዩናይትድ። ሥራ አስኪያጁ ብሬንት ሃልቨርሰን የሚባል፣ ትናንት የመዋኛ ገንዳ ይሸጥ የነበረ፣ ጥርሱ ከንግግሩ ቀድሞ የሚደርስ ሰው ነው። ሃልቨርሰን የመጀመሪያ ፈራሚው ካለም እንዲሆን ፈለገ። ኖሪን ቤት መጥቶ ሁለት ኬክ በልቶ ማለላት፦ ውሉ የተማሪ ውል ነው፤ ልጁ ከትልልቆቹ ጋር ይጫወታል፤ ደመወዝ አይከፈለውም፤ የዩኒቨርሲቲውም በር አይዘጋበትም። ደመወዝ ከተቀበለ ግን ያ ነጻ ትምህርት እንደሚቀር ኖሪንም ታውቃለች። ስለዚህ ሦስት ጊዜ ጠየቀችው፤ ሦስት ጊዜ ማለላት።

ክቡር ዌንደል ይህን ሲሰሙ በደስታ የሆኑትን መቻል ለእኛም ለጎረቤቶቻቸውም ከብዶ ነበር። ያገኙት ልጅ፣ መሥራች አባል በሆኑበት ክለብ፣ የመጀመሪያ ፈራሚ። አባልነታቸው ቁጥር አራት ነው፤ ካርዱን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ፀጉር ቤት ሳይቀር ሄዱበት። በሥነ ሥርዓቱ ላይ ከልጁ ጎን ቆመው ፎቶ እንዲነሱ ሃልቨርሰን ቃል ገባላቸው። አዲስ ኮት ገዙ። የዊክስበርግ ደጋፊዎች "ከሃዲ" ሲሏቸው "ታሪክ ወንዝ አይከለክለውም" ብለው አለፉ።

ቀኑ ማክሰኞ ሆነ፤ እኩለ ቀን። ቦታው የተዘጋ ሱቅ የመኪና ማቆሚያ ነው፤ ስታዲየሙ እዚያ ይሠራል ተብሏል። መሠረት ለመጣል አካፋ ቢቀርብም አስፋልት በአካፋ አይቆፈርም። ስለዚህ አንድ የእንጨት ሣጥን አሸዋ ሞልተው አመጡ፤ የከተማው ከንቲባና የሊጉ ልዑካን ወርቅ የተቀባ አካፋ ይዘው፣ ሄልሜት ደፍተው፣ አሸዋውን ከሣጥኑ ወደዚያው ሣጥን ዛቁት። ሕዝቡ አጨበጨበ። ቀጥሎ የጠረጴዛው ተራ መጣ፦ ስካርፍ፣ እስክሪብቶ፣ አንድ ወረቀት። ፊርማው ሲያልቅ ሰማያዊ ጭስ እንዲለቀቅ አንድ ሰው ከመኪና ጀርባ ተዘጋጅቷል።

ካለም ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ኖሪን የአሳዳጊ ፊርማ ስላለባት ከጀርባው ቆመች። ክቡር ዌንደል በአዲሱ ኮታቸው ፋይላቸውን አቅፈው በጠረጴዛው ማዶ ቆሙ፤ ቆመውም ወረቀቱን በተገላቢጦሽ ማንበብ ጀመሩ። ሰውየው ያገኙትን ጽሑፍ ሁሉ ያነባሉ፤ የሰናፍጭ ጠርሙስ ሲያነቡ የታዩበት ጊዜ አለ።

"ብሬንት" አሉ ዝቅ ብለው፣ "አራተኛው አንቀጽ ላይ የሌላ ከተማ ክለብ ስም ነው ያለው።"

"ውሉን ከእነሱ ተውሰን ነው። ይስተካከላል።"

"ይኼ የተማሪ ውል አይደለም። ደመወዝ ይላል።"

"ትንሽ ናት ሚስተር ክራውስ። ምሳ አትገዛም።"

"ዩኒቨርሲቲዎቹ ትንሽ ናት ወይ ብለው አይጠይቁም። ተቀበለ ወይ ነው የሚሉት።"

"ለፎቶ ነው" አለ ሃልቨርሰን፣ ጥርሱ ከፊቱ ሳይጠፋ። "ዋናው ሰኞ ይመጣል። የሊጉ ሰዎች እያዩን ነው፣ ኮትዎን ያስተካክሉ።"

"ለፎቶ የፈረሙትም ፊርማ ነው። ኖሪን፣ ስሚ..."

ኖሪን ግን የእሳቸውን ድምፅ አለመስማት ከለመደች ዓመታት አልፈዋል። የዝናብ ድምፅ ማለት ነው ለእሷ። ካሜራውን እያየች "አሁን አይሆንም ዌንደል" አለች፤ የልጇንም ትከሻ ነካች። ካለም እስክሪብቶውን አነሳ።

ክቡር ዌንደል ዙሪያቸውን አዩ። ፋይላቸውን ከፍተው ገጹን ለመፈለግ ጊዜ የለም። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ በአውቶቡሱ ድምፅ፣

"ካለም። ተነሳ።" አሉ።

ልጁ ለምን አላለም። እግሩ ከጭንቅላቱ ቀድሞ ሰማ። ብድግ ብሎ ቆመ።

እሳቸው ጠረጴዛውን ዞረው ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። እስክሪብቶውን ከልጁ እጅ ወስደው የተጫዋች ስም ከሚለው ቦታ ላይ በትልልቅ ፊደል ዌንደል አር. ክራውስ ብለው ጻፉ። ቀጥለው አሳዳጊ ከሚለው ላይም ፈረሙ። ከመኪና ጀርባ ያለው ሰው እስክሪብቶ ሲንቀሳቀስ ብቻ ነው የታየው፤ ጭሱን ለቀቀው። የሊጉ ልዑካን በሰማያዊው ጭስ ውስጥ ሆነው አጨበጨቡ። ካሜራው ቀጭ ቀጭ አለ። ፌርሃቨን ዩናይትድ በታሪኩ የመጀመሪያውን ተጫዋች አስፈረመ፦ ሥልሳ ዘጠኝ ዓመት፣ ቀኝ ጉልበቱ የማይታጠፍ፣ ቦታው ያልተወሰነ።

"ሌላ ቅጂ አምጣ" አለ ሃልቨርሰን ለጸሐፊው። አሁን ጥርሱ አይታይም።

"ማተሚያው ቢሮ ነው። ሃያ ደቂቃ።"

"ምን እያደረግህ ነው?" አለች ኖሪን። ፊቷ ቲማቲም መስሏል። "በልጄ ቀን ላይ? ለፎቶ ብለህ?"

ክቡር ዌንደል መልስ አልሰጡም። ይህ በራሱ ታሪካዊ ነው። ፋይሉን ከፍተው የዩኒቨርሲቲ ስፖርት መመሪያውን ገጽ አውጥተው፣ ከፈረሙበት ወረቀት ጎን አድርገው በጣታቸው አንዱን መስመር ነኩላት፣ ከዚያም ሌላውን። ሃያ ደቂቃ ለማንበብ ብዙ ነው። ኖሪን ሁለቱን ወረቀት ሦስት ጊዜ አነበበች፤ ከዚያ ስካርፉን አጣጥፋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። "ካለም፣ ወደ መኪና" አለች። ለሃልቨርሰን ምን እንዳለችው የሰማን ሰዎች አለን፤ እዚህ ግን አይጻፍም።

ፌርሃቨን ዩናይትድ የክቡርነታቸውን የአባልነት ካርድ ነጠቀ፤ በሩ ላይ እንዳይደርሱም ከለከለ። በር ገና ስላልተሠራ እገዳው እስካሁን አልተፈተነም። የአሸዋው ሣጥን አሁንም እዚያው ነው፤ የሠፈሩ ድመቶች ይጠቀሙበታል። ካለም በተማሪ ውል ለኪልንስ ተጫውቶ ዓመቱን ጨረሰ፤ በመጪው ነሐሴ ሻንጣውን ይዞ ወደ ዩኒቨርሲቲ ይሄዳል።

ይህ ሁሉ ክቡር ዌንደልን አሻሻለ ብሎ የሚያስብ ካለ ተሳስቷል። ይባስ ብለው "በፕሮፌሽናልነት ፈርሜያለሁ" ማለት ጀመሩ። ጋራዡ ውስጥ አሥራ ሁለተኛ ስካርፍ ተሰቅሏል። ጉብታዋም አሁንም ጥፋተኛ ናት።

ባለፈው ቅዳሜ ከሰልፉ ፊት ቆመው ስለ አንድ የአሥራ አራት ዓመት ግብ ጠባቂ ሲያወሩ፣ ከኋላቸው ወደ ከተማው አዲስ የመጣ ጎልማሳ ከእነልጁ ቆሞ ነበር። ክቡርነታቸው ዳቦአቸውን ይዘው ሲሄዱ ሰውየው ወደ ኖሪን ጠጋ አለ።

"እኚህ ሰው የሚያወሩትን ያውቁታል?"

"ኧረ ምንም አያውቅም" አለች ኖሪን፣ ሰናፍጩን እየጨመቀች። ከጀርባዋ በማቀዝቀዣው በር ላይ አንድ ፎቶ ተለጥፏል፤ በሰማያዊ ጭስ ውስጥ አንድ ሽማግሌ እስክሪብቶ ይዞ ተቀምጧል። ዳቦውን ለሰውየው ልጅ ሰጠችው። "ግን አንዴ ተነሳ ካለህ፣ ልጄ፣ ዝም ብለህ ተነሳ።"