የጋሽ ተሰማ ዳሌ

ለዓይን ይዘፈናል፣ ለጥርስ ይዘፈናል፣ ለአንገት ይዘፈናል። ለዳሌም ይዘፈናል፤ ግን ለሥጋው ነው። ውስጥ ሆኖ ዕድሜ ልክ ተሸክሞን ለሚዞረው አጥንት ግጥም የገጠመ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። እናንተም ብትሆኑ ካላመማችሁ አታስታውሱትም።

በደርግ ጊዜ የካ ውስጥ የቀበሌ ጸሐፊ ነበርኩ። አታፍጥጡብኝ፤ እንጀራ ነው። ጎረቤቴ ጋሽ ተሰማ የደን ጠባቂ ነበሩ። ሠላሳ ዓመት የእንጦጦን ዳገት ሲወጡና ሲወርዱ የቀኝ ዳሌያቸው አለቀ። ሐኪሙ ራጁን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንሥቶ አየና፣ «ውጭ አገር ይህን መገጣጠሚያ አውጥተው በብረትና በፕላስቲክ ይተኩታል። ከጥቂት ወራት በኋላ ያለ ምርኩዝ ይሄዳሉ» አላቸው። መጀመሪያ የቀለደባቸው መሰላቸው። እውነት መሆኑ ሲገባቸው አለቀሱ።

ውጭ ለመታከም የሕክምና ቦርድ መፍቀድ አለበት፤ ቦርዱ ደግሞ የቀበሌ የድጋፍ ደብዳቤ ይጠይቃል። ሊቀ መንበራችን መዝገቡን ገለጠ።

«እኚህ ሰው ስብሰባ አይመጡም። ለማይሳተፍ ድጋፍ የለም።»

«ጓድ፣ መራመድ አቅቷቸው እኮ ነው» አልኩ።

«ታዲያ ይምጡና ራሳቸው ያስረዱ!»

ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ ይባል ነበር። ንጉሡ ወረዱ፤ አለመከሰሱ ግን ለሊቀ መንበሩ ተረፈ።

ሦስት ወር ሙሉ፣ በየእሁዱ፣ ጋሽ ተሰማ የባለቤታቸውን የእትዬ ዘነበችን ትከሻ ተደግፈው፣ ጥርሳቸውን ነክሰው መጡ። ለመፈክር ስንነሣ ይነሣሉ። ተመልሰው ሲቀመጡ ያወጡት የነበረው ድምፅ ዛሬም ከጆሮዬ አልጠፋም። እኛ እናጨበጭባለን።

በመጨረሻ ድጋፉ ተፈቀደ። ጸሐፊው እኔ ነኝ፤ በብዕሬም እመካ ነበር። ይጠቅማቸዋል ብዬ አሳመርኩት፦ «ከስብሰባ አንድም ቀን ሳይጎድሉ፣ ከወጣቶች ቀድመው እየተገኙ፣ ቆመው መፈክር የሚያሰሙ ንቁ አባት ናቸው።»

የቦርዱ መልስ አጭር ነበር። አመልካቹ ቀበሌው ባቀረበው ማስረጃ መሠረት እንደ ልብ የሚንቀሳቀሱ በመሆናቸው፣ ውጭ ሄዶ መታከም አያስፈልጋቸውም።

ወረቀቱን ይዤ ቤታቸው ሄድኩ። አልጋ ላይ ነበሩ። አነበብኩላቸው። እትዬ ዘነበች ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ጋሽ ተሰማ እጄን ያዙኝ።

«አንተ የጻፍከው ቅጂው አለህ?»

«አለኝ፣ ጋሼ።»

«እስቲ እሱን አንብብልኝ። ስራመድ ልስማ።»