አልቀበለውም ባዩ ጋሽ ግርማቸው

በየቤተ ክርስቲያኑ አንድ አልቀበለውም ባይ አለ። በእኛ ዘንድ የለም የሚል ሰው ካጋጠማችሁ፣ ባዩ ራሱ እሱ ነው። ክፉ ወሬ ሲሰማ፣ ሐኪም ፊቱን ሲያኮሳትር፣ መኪናው ሲያጓራ፣ መዳፉን እንደ ትራፊክ ፖሊስ ዘርግቶ "አልቀበለውም!" ይላል። ክፉውም ነገር አድራሻ እንደተሳሳተ ደብዳቤ ወደ ላኪው ይመለሳል ተብሎ ይታመናል።

የአሜሪካዋ ከተማ የኮሎምበስ አልቀበለውም ባይ፣ የስልክ ጸሎት መሪ፣ የኦቤትስ መጋዘን አንጋፋ የዕቃ ማንሻ ፎርክሊፍት ነጂ፣ ክቡር ጋሽ ግርማቸው ናቸው። ሚስታቸው ዓለምነሽ ግን በሠላሳ ዓመት አንድ ቀን እንኳ አንቱ ብላቸው ስለማታውቅ፣ እኛም ከእሷ ጎን ቆመን አንተ እንበላቸው።

ረቡዕ ረቡዕ እኩለ ቀን ላይ የአውሎ ነፋስ ሳይረን ለሙከራ ይጮሃል። ከተማው በሙሉ ሙከራ መሆኑን ያውቃል። ጋሽ ግርማቸውም ያውቃል፣ ግን አይቀበለውም። የመኪናው ቼክ ኢንጂን፣ የሞተር ብልሽት መብራቱ፣ ሲበራ የቤተ ክርስቲያኑን ስቲከር ለጠፈበት። በጥር በረዶ ፖላሪስ በሚባለው የአውራ ጎዳና መውጫ ላይ መኪናዋ ቀጥ ስትል፣ መንገድ ዳር ቆሞ እየተንቀጠቀጠ "አልተበላሸችም፣ አረፍ ብላ ነው" አለ። ዓለምነሽ ያን ቀን ስቃለች።

ሐኪም ደም ግፊት አለብህ ባለው ጊዜ ግን ሳቋ ቀረ።

"ሰውየው ደም ግፊት አለብህ አለኝ። አልተቀበልኩትም" ብሎ ጫማውን ማውለቅ ጀመረ።

"መድኃኒቱስ?"

"በሽታውን ያልተቀበልኩ ሰው መድኃኒቱን ምን ብዬ ልቀበል?"

"በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል አልሰማህም?"

"የደበቅኩት ነገር የለም፤ ያልተቀበልኩት ነው እንጂ" አለና ራት ጠየቀ።

ዓለምነሽ ከዚያ ቀን ጀምሮ አራት ዓመት ሙሉ ስትፈራ ኖረች። ሳህን እያጠበች ሳሎኑ ጭር ካለባት እጇን ሳታደርቅ ትወጣና ደረቱ ከፍ ዝቅ ማለቱን ታያለች። የምትሠራው ሉዊስ ሴንተር አረጋውያን መንከባከቢያ ነው፤ ሰው እንዴት እንደሚወድቅ ታውቃለች። ጠዋት ሻይ የተቀበለቻትን ሴትዮ አልጋ ማታ ባዶ ሆኖ አይታለች።

በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ ሃያ የኮሮና ወረርሽኝ መጣ። በኅዳር አንድ ሳምንት ብቻ በእሷ ኮሪደር አራት አልጋ ባዶ ቀረ። ዓለምነሽ ዩኒፎርሟን ጋራዥ ውስጥ እያወለቀች፣ ልጇን ሔርሞንን ከሩቅ ሰላም እያለች ትገባ ጀመር። ቤተ ክርስቲያን ስለተዘጋ ሰባ የሚሆን ሰው ማለዳ ማለዳ በስልክ ይገናኛል፤ ጋሽ ግርማቸው ይመራል።

"ልባችሁን ክፈቱ" ይላቸዋል። "የፈራችሁትን አውጡት። ያልተነገረ ሸክም አይቀልም።"

ሰዉም ያወጣል። አንዱ ከሥራ መባረሩን፣ አንዷ የልጇን ትኩሳት። ጋሽ ግርማቸው እያንዳንዱን በስሙ እየጠራ፣ አንዳንዴም እያለቀሰ ይጸልይለታል። የሌላውን ጭንቀት ለመቀበል የእሱን ያህል ሰፊ ልብ ያለው ሰው ኮሎምበስ ውስጥ አልነበረም። "የእርስዎስ የጸሎት ርእስ?" ሲሉት ግን "እኔማ በድል ላይ ነኝ!" ብሎ ይዘጋል። ዓለምነሽ በራሷ ስልክ ገብታ፣ ድምፅዋን ዘግታ፣ ኩሽና ውስጥ ትሰማዋለች።

በታኅሣሥ ድሉ ማሳል ጀመረ።

መጀመሪያ ደረቅ ሳል ነበር። በሦስተኛው ቀን ደረጃ ሲወጣ መሐል ላይ ቆሞ ግድግዳ ያይ ጀመር። ጎረቤታቸው ሀዋ ሾርባ ሠርታ በር ላይ አስቀመጠችና ደወለች። ከጋሽ ግርማቸው ጋር በአጥር ላይ ስለ ሃይማኖት ሲከራከሩ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ አንድም ቀን ተኮራርፈው አያውቁም።

"ጋሼ፣ ዱዓ እያደረግኩልህ ነው።"

"አመሰግናለሁ እህቴ" አለ እያለከለከ። "ሾርባውን ተቀብያለሁ።"

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ዓለምነሽ የኦክስጅን መለኪያዋን ጣቱ ላይ ሰካች። ሰማንያ ስድስት አለ።  ይህን ቁጥር ሥራ ቦታ ስታይ ምን ተከትሎት እንደሚመጣ ታውቃለች።

"ዳድ፣ ፕሊዝ፣ በቃ ሆስፒታል ሂድ" አለች ሔርሞን ከበሩ ላይ፣ ማስኳን በእጇ ይዛ።

"ባትሪው ደክሞ ነው። አልቀበ…" ቃሉን የሚጨርስበት ትንፋሽ አጣ። ከንፈሩ ጠቁሮ ነበር።

ዓለምነሽ በትዳሯ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳታማክረው ናይን ዋን ዋን ደውላ አምቡላንስ ጠራች።

ከእግር እስከ ራሳቸው የተሸፈኑ ሁለት ሰዎች ገቡ። ኦክስጅን ገጠሙለት፤ አንደኛውም በጭንብሉ ውስጥ ሆኖ በሽተኛው የሚወስደው መድኃኒት እንዳለ ጠየቀ። ዓለምነሽ በእፍረት አንገቷን ደፍታ "ኖ፣ ምንም አይወስድ…" ስትል ጋሽ ግርማቸው የኦክስጅኑን ጭንብል ከአፉ ፈቀቅ አደረገ።

"የደም ግፊት፤ ላይዚኖፕሪል" አለ። "አስር ሚሊግራም። ጠዋት ጠዋት።" ከዚያ ወደ ሚስቱ ሳያይ፣ "የምሳ ቦርሳዬ ውስጥ ነው፣ በጎን ኪሱ።"

ሔርሞን ሮጣ አመጣችው። ስሙ የተጻፈበት ብልቃጥ ነው፤ ግማሹ ተውጧል፣ የተሞላውም ባለፈው ወር ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ ይህ ሰው ግን መድኃኒቱንም ደብቆት ኖሯል። አራት ዓመት ሙሉ መጋዘኑ ሲደርስ፣ ፎርክሊፍቱ ላይ ሳይወጣ፣ አንዲት ክኒን። ዓለምነሽ ልትቆጣው ፈለገች፤ ግን አምቡላንሱ በሩን ዘጋ፣ እሷም አብራ እንድትሄድ አልተፈቀደላትም።

በሦስተኛው ቀን እሱን የያዘችው ሐኪም ደወለች። እስከ ማታ ካልተሻለው መተንፈሻ ማሽን ላይ እናደርገዋለን አለች። ዓለምነሽ መግባት እንደማይቻል እያወቀች መኪናዋን ነድታ የሆስፒታሉ ፓርኪንግ ውስጥ ቆመች። የትኛው መስኮት የእሱ እንደሆነ ስለማታውቅ ሁሉንም በየተራ ታይ ነበር። ስልኳ ጮኸ።

"ዓለም።"

"አቤት።"

"ክኒኑን…" አለ፤ ትንፋሽ ፈለገ። "አንቺ ሳል ስትሰሚ ለቅሶ ቤት የምታዘጋጂ ሴት ነሽ። ሁለታችንም ከፈራን ቤቱን ማን ይይዘዋል ብዬ ነው።"

እንባዋ ማስኳ ውስጥ ገባ። 

"አሁን ግን ፈርቻለሁ። በጣም ነው የፈራሁት፣ ዓለም።"

ሠላሳ ዓመት ይህን ቃል እንዲነግራት ለምናዋለች። ቢጨንቀው እንዲነግራት፣ ቢያመው እንዲነግራት። አሁን ነገራት። ዓለምነሽ አፏን ከፈተች፤ ሳታስበው የወጣው ግን ሌላ ነበር።

"አልቀበለውም" አለች።

 ግርማቸው ወዲያ ማዶ ሳቀ። ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠ፣ ማሽን ጮኸ፣ ነርሷ ስትቆጣው ተሰማ። ትንፋሹ እስኪመለስ ዓለምነሽ መሪውን ጨብጣ ጠበቀች።

"ተቀበይው" አለ በመጨረሻ። "ተቀበይውና አብረን እንፍራ። ነገ ማለዳ ጸሎቱ ላይ ስሜን ስጪ። ለሀዋም ንገሪያት። ዱዓውን ተቀብሏል በያት።"

በማግስቱ ማለዳ ሰባው ሰው ስልኩን ይዞ መሪውን ሲጠብቅ፣ ለዘጠኝ ወር ድምፅዋን ሰምተውት የማያውቁት ሴት ተናገረች። "ግርማቸው ፈርቷል" አለች። "እኔም ፈርቻለሁ። ጸልዩልን።"  ከዚያ አንድ ሽማግሌ እንደ ልጅ ማልቀስ ጀመሩ፤ ለካ እሳቸውም ከቤት ሳይወጡ በፍርሃት ከርመው ኖሯል።

ግርማቸው መተንፈሻ ማሽኑ ሳያስፈልገው ቀረ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ኦክስጅኑን እየጎተተ ቤቱ ገባ። የክኒኑ ብልቃጥ አሁን ጨው ዕቃው አጠገብ ተቀምጧል። ዓለምነሽ ዛሬም ትፈራለች፤ ነገር ግን ስትፈራ ትነግረዋለች፣ እሱም ይነግራታል፤ አንዳንዴ የሱ ይብሳል።

በሚያዝያ አንድ ቀን ወደ ገበያ ሲሄዱ ቼክ ኢንጂኑ በራ። ጋሽ ግርማቸው መዳፉን ዘረጋ፣ "አልቀ…" ብሎ ጀመረና አፍሮ ወደ ሚስቱ ዞረ። እጁ አየር ላይ ቀረ።

ዓለምነሽ መብራቱን አየች፣ እጁን አየች። ሆስፒታል ፓርኪንግ ውስጥ ቆማ ይህን ቃል ዳግመኛ ላልሰማው ነው ብላ የፈራችው ፍርሃት ትዝ አላት።

"ጨርሰው እንጂ" አለችው።

"አልቀበለውም!" አለ ጋሽ ግርማቸው በሙሉ ድምፁ፤ ፍሬቻ አሳይቶም ወደ ሜካኒኩ ታጠፈ።