ጥፋቱ የዱላው ነው

በየሰፈሩና በየመሥሪያ ቤቱ አንድ የማይሳሳት ሰው አለ። እሱ አይሳሳትም፤ የሚሳሳተው ዕቃው ነው። ጽሑፉ ከተንጋደደ ብዕሩ ነው፣ ፎቶው ከደበዘዘ ካሜራው ነው፣ ሚስማሩ ከተጣመመ መዶሻው ነው። እንዲህ ያለውን ሰው አዲስ ዕቃ በገዛ ቀን ያየው፣ ከረጅም ሕመም የዳነ ነው የሚመስለው።

የዚህ ወገን አለቃ ክቡር ዶክተር ናቸው። ዶክተር ጡረታ የወጡ የጥርስ ሐኪም ናቸው፤ የሚያሸንፉትም የሚሸነፉትም በጎልፍ ሜዳ ላይ ነው፣ በተለይ የሚሸነፉት። ከሜዳው በር አጠገብ ባለችው ጠባብ ክፍል ውስጥ ዱላ የሚጠግነው ሰው አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሲመለከታቸው ኖሯል። ጣቶቹ ከማጣበቂያ ተለይተው ስለማያውቁ ሰዉ ሁሉ "ሙጫ" ይለዋል።

ዶክተር የሚመቷት ኳስ ቀጥ ብላ ትነሳና ግማሽ መንገድ ላይ የረሳችው ነገር ትዝ እንዳላት ሁሉ ወደ ቀኝ ትታጠፋለች። ሙጫ ምክንያቱን ለጠየቀውም ላልጠየቀውም በደስታ ያስረዳል። ዱላው ኳሷን በሚነካበት ቅጽበት የሚመታው ፊቱ ወደ ቀኝ ገርበብ ካለ፣ ኳሷ እየተሽከረከረች ወደዚያው ትሄዳለች። የዶክተር ዱላ ገርበብ የሚለው ደግሞ አርባ ዓመት በሰው አፍ ላይ ወደ አንድ ጎን ስላጎነበሱ ነው። ኳሷንም የሚያዩዋት እንደ መንጋጋ ነው፤ ቀኝ ትከሻቸውን ጣል፣ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ሲቀርቧት "አፍሽን ክፈቺ" ሊሏት ምንም አይቀራቸው።

ይህን ትከሻ ለማቃናት ዓመት ሙሉ መልመድ ያስፈልጋል። አንድ የጋዜጣ ማስታወቂያ ግን ሌላ መንገድ አሳያቸው። "አመታትዎን አይለውጡ፤ ዱላዎን ይለውጡ" ይላል። ዶክተር ይህን ባነበቡ ቀን መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና እንደገና አነበቡት። በመጨረሻ አንድ የሚረዳቸው ሰው ተገኘ።

ከዚያ በኋላ ዱላ በዱላ ላይ ሆነ። አንገቱ የቆለመመ መጣ፣ ጭንቅላቱ እንደ ዱባ ያበጠ መጣ፣ እጀታው ላይ የጣት ቦታ የተቀረጸለት መጣ። ባለቤታቸው ካፖርታቸውን ፍለጋ ቁምሳጥን ሲከፍቱ ሦስት ዱላ እላያቸው ላይ ወደቀ።

ሙጫ ለጥገና ከመጡለት አንዱን ዱላ ከጉጉት ብዛት ፈታው። ውስጡን ሲያይ ፊቱ በራ፤ ማስታወቂያው አልዋሸም። ተረከዙ ላይ፣ ጭንቅላቱ ከዘንጉ ጋር በሚገጥምበት በኩል፣ ክብደት ተጨምሮበታል፤ ያ ክብደት የተከፈተውን ፊት በምቱ ሰዓት መልሶ ይዘጋዋል። መልሶ ገጥሞ ሜዳ ላይ ሞከረው፣ የዶክተርን ትከሻ እየኮረጀ እንኳ ኳሷ ቀጥ ብላ ሄደች። ታዲያ ለምን ለእሳቸው እምቢ ይላል?

አንድ ሳምንት ከኋላቸው ቆሞ ሲያጤን ገባው። ዶክተር ኳሳቸው ወደ ቀኝ እንደምትታጠፍ ስለሚያውቁ ድሮውንም የሚያነጣጥሩት ወደ ግራ፣ በአትክልተኛው የቆርቆሮ ጎጆ አቅጣጫ ነበር። አዲሱን ዱላ ሲይዙም ወደ ጎጆው ማነጣጠራቸውን አልተዉም። ዱላው ማስታወቂያው ያለውን ይፈጽማል፣ ኳሷ ቀጥ ብላ ትሄዳለች፣ ቆርቆሮው "ቋ" ይላል።

"ይሄኛውም ውሸታም ነው" ይላሉ ዶክተር፣ ዱላውንም ወስደው ቁምሳጥን ውስጥ ይከቱታል።

ሙጫ ሁለት ጊዜ ሊያስረዳቸው ሞከረ። እሳቸው አንገታቸውን እየነቀነቁ፣ ራሱን መርምሮ የመጣ በሽተኛን በሚሰሙበት ትዕግሥት ሰሙት።

"ስማ ሙጫ" አሉት በሁለተኛው ጊዜ፣ "በሽተኛ ሁልጊዜ የሚጠቁመው የማያመውን ጥርስ ነው። አሁን የታመመው ዱላው ነው።"

ሙጫ ለዶክተር ነገር መንገር ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው ብሎ ተወው፣ ወሬውን ግን ከአትክልተኛው ጋር እየሳቀ አወራው።

ሳቁ የቆመው የዶክተር ጉልበት የቆመ ዕለት ነው። የአጥንት ሐኪሙ ሐሙስ ጠዋት ጉልበታቸውን ሊቀዱላቸው ቀጠሮ ያዙ፤ ከዚያ በኋላ ዱላ መወዝወዝ ምናልባት ከናካቴው እንደማይቻል ነገሯቸው። ሰባተኛው ጉድጓድ ፊት ለፊት ደግሞ፣ ከአትክልተኛው ጎጆ በስተቀኝ፣ አንዲት ኩሬ አለች። ዶክተር በአሥራ አንድ ዓመት አንድ ቀን እንኳ ኳስ አላሻገሯትም።

ረቡዕ ጠዋት መጡ። አንድ እጃቸው ከዘራ ላይ፣ አንድ እጃቸው ላስቲኩ ገና ባልተላጠ አዲስ ዱላ ላይ ነው። ኪሳቸው ውስጥ ሦስት ኳስ አለ፣ ከዚያ በላይ ጉልበቴ አይችልም አሉ።

"ዛሬ ትሻገራለች" አሉ፣ ለኩሬዋ ይሁን ለሙጫ ሳይለይ።

የመጀመሪያዋ ኳስ ቆርቆሮውን መታች። ሁለተኛዋም ያንኑ ቆርቆሮ። ዶክተር ሦስተኛዋን ለማስቀመጥ ጎንበስ ሲሉ ጉልበታቸው ተንቀጠቀጠ፤ በከዘራው ተደግፈው ቀስ ብለው ቀና አሉ። ይህ የሙጫን አንጀት በላው። ማስረዳት እንደማይሠራ ያውቃል። ስለዚህ ሄዶ ሠላሳ እርምጃ ያህል ፊታቸው፣ በእሳቸውና በጎጆው መካከል ቆመ።

"ዞር በል እንጂ፣ ሰውዬ" አሉት።

"እዚህ ሆኜ ነው ኳሷ በደንብ የምትታየኝ፣ ዶክተር።"

"ብመታህስ?"

"በአርባ ዓመት ሥራዬ ጤነኛ ጥርስ ነክቼ አላውቅም ይሉ የለ?"

ዶክተር አዩት። አንገቱ ላይ ያለው ጭንቅላት በእርግጥ ጤነኛ መሆኑን የተጠራጠሩ ይመስላሉ። ከዚያ ሰውየውን ላለመንካት እግራቸውን፣ ወገባቸውን፣ ትከሻቸውንም ጭምር ቀስ በቀስ ወደ ቀኝ አዞሩ፤ በአሥራ አንድ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ከኩሬዋ ጋር ፊት ለፊት ተያዩ። ሙጫ ዓይኑን ጨፈነ።

ቆርቆሮው አልጮኸም። ውሃውም አልተንቦጫረቀም። ዓይኑን ሲገልጥ ኳሷ ከኩሬዋ ማዶ ሣሩ ላይ ነጭ ሆና ተቀምጣለች። ዶክተር ግን ዱላውን ሁለት እጃቸው ላይ አጋድመው እንደ አራስ ልጅ ያዩታል።

"አላልኩህም? ጥፋቱ የድሮዎቹ ነው። ይሄ ነው ዱላ።"

አሥራ አንድ ዓመት የተጠራቀመ ማብራሪያ ሙጫ አፍ ላይ መጣ፤ ተረከዙ፣ ክብደቱ፣ ጎጆው፣ ትከሻው። ሁሉንም ዋጠው።

"ዱላው ነው፣ ዶክተር" አለ።

ቅዳሜ ሆስፒታል ሊጠይቃቸው ሄደ። ሌላው ጠያቂ አበባ ይዞ ነበር። ሙጫ ከደረት ኪሱ ያወጣው ከጋዜጣ ላይ በመቀስ በጥንቃቄ የቆረጣትን ማስታወቂያ ነው፤ ጉልበታቸው ለተቀደደ ሰዎች ተብሎ የተሠራ ዱላ።