የአስካለ ጉርሻና የሊቀመንበሩ በር

የጋራ መኖሪያ ቤት ኮሚቴ እንዴት እንደሚመረጥ ለማታውቁ ልንገራችሁ። የተማረ አይፈለግም፣ ታማኝም አይፈለግም፤ የሚፈለገው የቀረ ሰው ነው። ስብሰባው ላይ የተገኘው ሁሉ «እኔ ሥራ ይበዛብኛል»፣ «እኔ ደም ግፊት አለብኝ» እያለ ሲሸሽ፣ እምቢ ብሎ የማይከራከረው ያልመጣው ብቻ ነው። እኔ ያን ዕለት ለቅሶ ደርሼ ስመለስ ደረጃው ላይ በጭብጨባ ተቀበሉኝ። ለካ የሕንፃችን ሊቀመንበር ሆኛለሁ! ጎፋ ውስጥ ከዚህ የባሰ ሹመት ካለ ንገሩኝ። ደመወዝ የለው፣ ምስጋና የለው።

ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ያለው ሰው መቼም ኮሚቴ ሆኖ አያውቅም። ውሃ ሲጠፋ የኔ በር ይንኳኳል፤ ውሃ ሲመጣ ደግሞ «መጣ እኮ!» ሊሉኝ ይንኳኳል። ላይኛው ፎቅ በርበሬ ሲወቀጥ፣ ታችኛው ፎቅ ያለችው እህት ጸሎቴ ተቋረጠ ብላ እኔ ዘንድ ትመጣለች። ይሁን፣ እሺ። የማይሆነው እሑድ ነው። እሑድ ልጃችን ሳምራዊት ከብስራተ ገብርኤል ለምሳ ትመጣለች። ያለችን አንድ እሷ ናት። ሰሞኑን ደግሞ የከበዳት ነገር ነበር፤ በመጣች ቁጥር «አባዬ፣ አንድ ነገር ላማክርህ ነበር» ስትል በሩ ይንኳኳል፣ እኔም እነሣለሁ። ስመለስ ሽሮው ቀዝቅዟል፤ ልጄም ቦርሳዋን አንግታ ቆማለች።

አንድ እሑድ ባለቤቴ አስካለ ልጃችንን ታክሲ አሳፍራ ተመለሰችና፣ «የገዛ ልጄ እንደ ባለጉዳይ ደጅ ስትጠና አላይም! አንተ ሰውዬ፣ የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ ሆነሃል» አለችኝ። አመመኝ። እውነቷን ነዋ!

በማግሥቱ ግቢው በር ላይ ማስታወቂያ ለጠፍኩ፤ የኮሚቴ ጉዳይ ያለው ሐሙስ ከሥራ መልስ የጋራ መሰብሰቢያ ቤቱ ይምጣ፣ እሑድ የሊቀመንበሩን በር ማንኳኳት ክልክል ነው አልኩ። ሰው ሁሉ አነበበው፤ ሰው ሁሉ «ትክክል ነው» አለ። እሑድ ከሳምራዊት ጋር ምሳ ልንቀርብ ስንል በሩ ተንኳኳ። ሦስተኛ ፎቅ የሚኖረው፣ ሀይሌ ጋርመንት ሰፈር ሱቅ ያለው ግርማ ነው።

«ጋሼ፣ ማስታወቂያውን አይቼ ደስ ብሎኝ ነው፤ እንዴት ያለ ቁም ነገር መሰለዎት! እኔ ለኮሚቴ አይደለም የመጣሁት፤ እንዲያው እንደ ጎረቤት ልጠይቃችሁ ብዬ ነው» ብሎ ተቀመጠ።

እስቲ ፍረዱኝ። ባለጉዳይ ይመለሳል፤ እንግዳ እንዴት ተብሎ ይመለሳል? ምሳ ሰዓት የመጣን ሰው ደጅ ማቆም ነውር ነው፤ ይህን ደግሞ ግርማ ከእኔ ይበልጥ ያውቃል። እጁን ታጥቦ ቀረበ። አንዴ ጎረሰና «ይልቅስ ጋሼ፣ ያ የውሃ ፓምፕ...» ከማለቱ አስካለ ጉርሻዋን ይዛ አፉ ላይ ደረሰች።

የአስካለን ጉርሻ አታውቁትም። የጎልማሳ ቡጢ ያክላል። ግርማ ዓይኑ እንባ እስኪያቀርር አላመጠ፤ ከዋጠ በኋላም ተስፋ አልቆረጠም።

«ፓምፑ እኮ...»

«አንድ ጉርሻ ያጣላል!» ሁለተኛው ገባ።

«ኧረ እትዬ በቃኝ፣ ፓም...»

«አፈር ስሆን! እንደ ጎረቤት አይደል የመጣኸው? ጎረቤት ይበላል!»

ሦስተኛው ገባ። ጉርሻ እምቢ አይባል፣ አፍ ሞልቶ አይወራ፤ ሰውዬው በክብር ተሸነፈ። ቀበቶውን አላልቶ፣ አመስግኖ፣ ቤታችንን መርቆ ወጣ፤ ስለ ፓምፑ ግን ትንፍሽ አላለም። አስካለ እጇን እየጠረገች «ሐሙስ ይምጣ» አለች። እልል ማለት ብቻ ነው የቀረኝ!

ወሬው በደረጃው ወጣ ወረደ። ሊሞክሩን የመጡ አልጠፉም፤ ሁሉም ጠግበው ተመለሱ። ከዚያ ወዲያ እሑድ በራችን ዝም አለ፣ ሐሙስ ደግሞ የጋራ ቤቱ ይሞላ ጀመር። ፓምፑም አንድ ሐሙስ ተነጋግረንበት ተሠራ፤ ሠሪውን ያመጣው ራሱ ግርማ ነው።

እንግዲህ ያቺ የናፈቅናት እሑድ መጣች። ሽሮው ይንተከተካል። ሳምራዊት «አባዬ» አለችና እንደ ልማዷ በሩን አየች። እኔም አየሁ። ዝም ነው።

«ንገሪኝ ልጄ፣ ዛሬ ሙሉ ቀን ያንቺ ነኝ።»

«እኔ ያለሁበት ሕንፃ ሊቀመንበር አድርገው መርጠውኛል። ስብሰባው እሑድ ነበር፤ እኔ እዚህ ምሳ ላይ ነበርኩ።» «ይኸው ሰው መግቢያ መውጫ አሳጣኝ። ቤቴ ቁጭ ብዬ እህል መቅመስ አቃተኝ። አሁን እነዚህን ሰዎች እንዴት አድርጌ ነው...»

አልጨረሰችም። አስካለ ጠቅልላ ደርሳለች።

«ይሄ የኮሚቴ ጉዳይ አይደል እንዴ? በይ፣ አፈር ስሆን!»

ልጄ አፏ ሞልቶ፣ ጉንጯ ተነፍቶ፣ ግራ ገብቷት እኔን አየችኝ። እኔ ሳቄን መቆጣጠር አቅቶኛል። እናቷን አየች፣ ሁለተኛውን ጉርሻ ስትጠቀልል። ቀስ እያለ ፊቷ በራ። የጥያቄዋን መልስ እያላመጠችው ነበር።