የጋሽ ይሻው አራተኛ ጣት

ደብረ ታቦር ውስጥ ክራር የሚማር ጎልማሳ የሌለበት ግቢ የለም። ተምሮ የጨረሰ ግን እስከ ዛሬ አላየሁም። ለእኔ የደረሱኝ፣ ግድግዳ የምንጋራቸው የመዝገብ ቤት ሠራተኛው ሊቀ ድርደራ ጋሽ ይሻው ናቸው።

ሦስት ዓመት ሙሉ የሚማሩት አንድ ነገር ነው፤ አራት ጣት በየተራ ክር ላይ ማስኬድ። አውራ፣ ሌባ፣ መሃል፣ ቀለበት። ስልክ ላይ በቪዲዮ የሚያስተምራቸው ጎረምሳ "በሁለት ሳምንት ይለመዳል" ይላል። ጋሽ ይሻውን አያውቃቸውማ። ድን፣ ድን፣ ድን ይሉና ቀለበት ጣት ላይ ሲደርሱ ዝም። እኔ የቀረችውን አንዲት ድን ስጠብቅ ወጤ ያርራል።

"ወደሚቀጥለው ትምህርት ለምን አይሻገሩም?" አልኋቸው አንድ ቀን።

"መሠረቱ ነው የሚከብድ። ከዚያ ወዲያማ ዕዳው ገብስ ነው።"

ጥፋቱ የእሳቸው ሆኖ አያውቅም። ክሩ ሲላላ የጉና ብርድ ነው። ጣታቸው እንቢ ሲል ማኅተም ሲመቱ የኖሩበት ሠላሳ ዓመት ነው። ሁዳዴ ሲገባ ክራሯ ሚስማር ላይ ትሰቀላለች፤ ለፋሲካ ስትወርድ ጣቶቹ ከሀ ይጀምራሉ። ሁዳዴን እንደ እኔ የሚናፍቅ ክርስቲያን ያለ አይመስለኝም።

ዘንድሮ ግን ቸኮሉ። ልጃቸው ሰላማዊት የካቲት ላይ፣ ጾሙ ሳይገባ ታገባለች። "ከቤት ስትወጣ በገዛ እጄ ደርድሬ እሸኛታለሁ" ብለው ለሰፈሩ አወጁ።

"ቀለበት ጣትህ እስኪደርስ ሙሽሮቹ በር ላይ ይቆማሉ በለኛ" አሉ ባለቤታቸው እትዬ ዘነበች።

የገና በዓል ሰሞን አንድ ማለዳ አራቱም ጣቶች ያለ ስህተት ዞሩ። አንዴ፣ ሁለቴ፣ አሥሬ። ማማሰያዬን ይዤ ቆሜ ሰማሁ።

በሳምንቱ እናቴ አገር ቤት፣ አንበሳሜ፣ አረፈች። ቀብሬ ስመለስ ግድግዳው ጸጥ ብሏል። ሦስት ዓመት የተመኘሁት ጸጥታ ነበር፤ ሲመጣ ከበደኝ። በሠላሳኛው ቀን በራቸውን አንኳኳሁ።

"ጋሽ ይሻው፣ ሰርጉ ደረሰኮ። አይለማመዱም?"

"ጎረቤት ሐዘን ተቀምጦ ክራር ይነካል እንዴ? አርባቸው ይውጣ።"

"ጣትዎ ይረሳዋል።"

"ይርሳ። እናት ናቸውኮ።"

አርባው ወጣ። ሰርጉ አምስት ቀን ሲቀረው ክራሯ ከሚስማሯ ወረደች። ድን፣ ድን፣ ድን፣ ዝም። የሦስት ዓመት ልፋት ለእኔ እናት ሲባል ተበላ።

ዝም እንዲሉ ግድግዳ መደብደብ ልማዴ ነው። አሁንም ቡጢዬን ጨብጬ መታሁ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። "በዚህ ይከተሉኝ" አልሁ።

"ቀስ በል፣ ምን ያስቸኩልሃል?" አሉ ከወዲያ።

"ሰርጉ ነዋ። እንደገና፣ ከአውራ።"

ሰርጉ ነገ ነው። አራተኛዋ ጣት ከአሥር ጊዜ ስድስቱን ትደርሳለች። ለቀሩት አራቱ እኔ ከበሮ ይዤ አጠገባቸው እቆማለሁ፤ ስትቀር እኔ እመታላታለሁ። ጥቁር ለብሶ ከበሮ አይመታም የሚል ካለ፣ መጀመሪያ የእኔን ቤት ሦስት ዓመት ይከራይ።