ሐኪም የሚከስ ጠበቃ ፍለጋ

እስቲ ንገሩኝ፤ ሐኪም የሚከስ ጠበቃ በዓይናችሁ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ደብረ ብርሃንን በዚያ ብርድ ዞሬ አጣሁ። አክስቴ ከእነዋሪ እዚሁ ደብረ ብርሃን መጥታ ኦፕራሲዮን ከሆነች በኋላ ሕመሙ አልለቅ ቢላት፣ አዲስ አበባ ወስደን ብናስመረምራት ሆዷ ውስጥ የተረሳ ፋሻ ተገኘ። ፋሻ እኮ ነው! ጃንጥላ ይመስል ይረሳል?

የመጀመሪያው ጠበቃ የሐኪሙን ስም ስነግረው «የልጄ ክርስትና አባት ነው» ብሎ በሩን አሳየኝ። ሁለተኛው ደግሞ ከሐኪሙ ጋር ማኅበር ይጠጣል፤ «የፊታችን ሚካኤል የሚደግሰው እሱ ነው፤ በምን ዓይኔ ላየው ነው?» አለኝ። አያችሁ፣ የአክስቴ ሆድ ከአንድ ጣሳ ጠላ አነሰ!

ሦስተኛው ግን ጀግና መሰለኝ። ታሪኩን ሰምቶ ጠረጴዛውን ደበደበው፤ «እስከ ሰበር ችሎት እወስደዋለሁ!» አለ። አንጀቴ ራሰ። የሐኪሙን ስም ስነግረው ግን እጁ ቀስ ብሎ ወደ ሆዱ ሄደ።

«ሰኞ እኔን ኦፕራሲዮን የሚያደርገኝ እሱ ነው።»

ክው አልኩ። «ይህን ሁሉ ሰምተው ሆድዎን ሊሰጡት ነው?»

«በስንት ደጅ ጥናት ያገኘሁትን ቀጠሮ ልተወው?» ብሎ ተቆጣኝ። በሩ ላይ ስደርስ ግን ጠራኝ።

«ስማ ወንድሜ፣ ከነቃሁ እንነጋገራለን። ካልነቃሁ ለአክስትህ ጠበቃ ስትፈልግ የእኔንም ጉዳይ ደርበህ ያዝልኝ።»