ባለ ድንበሩ ሃርድ ዲስክ

እኔ የምለው፣ ኮምፒዩተር ሲያረጅ ያስላል ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? የእኔው ያስላል። ቆቦ ከተማ ለሰው ደብዳቤ እየጻፍኩ፣ ፎቶ ኮፒ እያነሳሁ የማድረው በእሱ ነው። ሰሞኑን ከሆዱ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ማውጣት ጀመረ። ሃርድ ዲስኩ ነው። ሊሄድ ነው።

ደብዳቤውስ ይሂድ። የአባዬ ድምፅ ግን እዚያ ውስጥ ነው። ከመሞቱ በፊት እኔና ታናሽ ወንድሜ ሰይድ አስቀምጠን የቀዳነው ምክር። ሌላ ቦታ የለም። ነገ እገለብጠዋለሁ፣ ነገ እገለብጠዋለሁ ስል ስንት ነገ አለፈ!

ከሰይድ ጋር ደግሞ ሁለት ዓመት ተኳርፈናል። አባዬ፣ ጎብዬ ገጠር ያለውን መሬት ሲያካፍለን መሃል ላይ ወርዷ አንድ እርምጃ የምትሆን ቁራጭ ተወ። ይቺን ማንም እንዳያርሳት፣ ስትጣሉ ቁጭ ብላችሁ ታወሩባታላችሁ አለን። እሱ ባለፈ በዓመቱ ቁራጯ ታርሳ ተገኘች። ሰይድ፣ ጋሼ ድንበር ገፋኝ ብሎ እኔን ከሰሰ። እኔ ወላሂ እጄ የለበትም አልኩ። እውነቴን ነው፤ እርፍ መች ጨብጬ አውቃለሁ?

የዲስኩን ነገር በባለቤቴ በኩል አስነገርኩት። በማግስቱ ራሱ መጣ። ከተበላሸ ኮምፒዩተሩ የወለቀ ሃርድ ዲስክ በፌስታል ይዟል። ያለበትን አጥፋው፤ ግማሹ ለኔ፣ ግማሹ ላንተ፣ እንዳይቀላቀል አለኝ፣ ግድግዳውን እያየ።

የኮምፒዩተሩን ጎን ፈታሁ። አቧራውን እፍ አልኩ። ሁለተኛውን ዲስክ በብሎን አሰርኩ፣ ገመዱን ሰካሁ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዳይሆንብኝ፣ የትኛው የሰይድ እንደሆነ ሦስት ጊዜ አይቼ ነው ያለበትን ያጠፋሁት። ከዚያ ለሁለት ከፈልኩት። እዚህ ላይ የሚያውቅ ሰው ይስቅብኛል። ኮምፒዩተር የተማረ ሰው ሁለቱን ክፍል አጠጋግቶ ይሠራል። እኔ የገበሬ ልጅ ነኝ፤ እጄ ሳያማክረኝ መሃል ላይ ባዶ ቁራጭ ተወ። ስክሪኑ ላይ ሁለት ሰማያዊ፣ በመሃላቸው አንዲት ጥቁር።

ሰይድ ወደ ስክሪኑ ጠጋ አለ።

«ይቺስ ምንድን ናት?»

«ድንበር ናታ!»

ሳቀ። በሁለት ዓመት የመጀመሪያው ሳቅ ነበር።

የአባዬን ድምፅ ስንገለብጥ አሮጌው ዲስክ ሁለቴ ቆመ። ትንፋሻችንን ይዘን ጠበቅን። በመጨረሻ አለቀ፣ አልሃምዱሊላህ! አንድ በእሱ ግማሽ፣ አንድ በእኔ ግማሽ አስቀመጥን። «መሬትም ምናለ እንዲህ ቢሆን» አለ ሰይድ። ከፍተን ሰማን። አባዬ ጉሮሮውን ጠርጎ ያቺን የቁራጯን ነገር ይናገራል። ሁለታችንም አቀረቀርን።

ሰይድ ግን ገበሬ አይደል? ይቺ ድንበር ትገፋለች ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ሞከርን። በእሱ ክፍል ላይ «አስፋ» የምትለዋ ትእዛዝ ደብዝዛለች፣ እንቢ አለች። በእኔ ላይ ዝግጁ ናት። የፕሮግራሙ አመል ነው፤ ባዶ ቦታን ከግራው ላለ እንጂ ከቀኙ ላለ አይሰጥም። በግራ ያለሁት ደግሞ እኔ።

«አሃ! ማሽኑ ገና ሳያድር ገፊውን አወቀው!» ብሎ እንባው እስኪመጣ ሳቀ።

እኔ አልሳቅኩም። ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው ይላሉ፤ ይሄ ማሽን ቡዳ ነው። ለካስ የምሸሸው ነገር እዚህም ጠበቀኝ። ያን ዓመት ምርቱን እኩል እየተካፈልን መሬቴን የሚያርስልኝ ሰው ቁራጯን በማረሻ ሲገለብጣት ቆሜ አይቻለሁ። ማሽላው ሲያምር ዝም አልኩ። እጄ የለበትም ያልኩት ለዚህ ነው። አፌ ግን ነበረበት፣ በልቻለኋ!

ነገርኩት። አፍሬ መሬት መሬት እያየሁ ነገርኩት። ሰይድ ከስክሪኑ ዞር ብሎ ፊቴን አየና፣

«እሸቱስ ይጣፍጥ ነበር?» አለኝ።

«ይጣፍጥ ነበር» አልኩት።

አሁን የእኔ ግማሽ ሞልቷል። «አስፋ» የምትለዋ በየቀኑ ታየኛለች፤ የራሴን ፎቶ አጠፋለሁ እንጂ አልነካትም። ጎብዬ ያለችው ቁራጭም ሳር አብቅላለች። ሳሩን የሰይድ በሬ ይግጠዋል። እኔ አይቼ ዝም ብያለሁ፤ ዝምታ እንደሆነ ድሮም ልምድ አለኝ።